የቴህራኗ አያት ለምን «መርሲ» ትላለች፦ የአንድ ዳቢንግ ስራ የጉዳይ ጥናት

ይሄን የምጽፈው ስራው አልቆ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ቡና ላይ ስናወራ «ኧረ ይሄ ነገር ሳይረሳ ይጻፍ» ስለተባባልን ነው። የሰዎቹንም የስቱዲዮውንም የፊልሙንም ስም አልጠራም፣ ለጉዳዩ ምንም አይጨምርም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የነበረው ሁኔታ

አንድ የኢራን የቤተሰብ ፊልም በአማርኛ ድምፅ እንድንሰራ፣ ዳቢንግ የሚባለውን ማለት ነው፣ መጣልን። ታሪኩ ቴህራን ውስጥ አንድ አፓርታማ ላይ ነው፣ አያት አለች፣ ልጇና ምራቷ አሉ፣ የልጅ ልጆች አሉ፣ ታች ደግሞ ባለሱቅ አለ። ትልቅ ድራማ ምናምን የለውም፣ ሰው ይመጣል፣ ሻይ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ይካካዳል፣ ይታረቃል፣ እንደገና ሻይ ይቀርባል። እንዲህ አይነት ፊልም ቀላል ይመስላል ግን ለትርጉም በጣም ከባዱ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚባባሉት «እንኳን ደህና መጣህ፣ ጠጣ፣ ብላ፣ አመሰግናለሁ፣ ምንም አይደል» ብቻ ነው፣ እዛ ላይ ከተበላሸ ሌላ የሚያድነው ነገር የለም።

ቡድኑ አራት ሰው ነው። አንድ ወጣት ተርጓሚ ከእንግሊዝኛው ስክሪፕት ይተረጉማል፣ እኔ አማርኛውን ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር አስተካክላለሁ፣ አንድ ኤዲተር አለ፣ አንዷ ደግሞ ድምፅ የሚሰጡትን ሰዎች ትመርጣለች ታሰለጥናለች። ከአራታችን ፋርስኛ የሚችል የለም። ይሄንን መጀመሪያውኑ መናገር አለብኝ፣ ብዙ ቦታ እንደዚህ ነው የሚሰራው፣ መሀል ላይ እንግሊዝኛ አለ፣ ዋናው ቋንቋ በጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው።

ችግሩ

እንግሊዝኛው ስክሪፕት በየቦታው «ታንክስ» ይላል። ተርጓሚው ግን ጆሮው ጥሩ ነው፣ ኦሪጅናሉን ሲሰማ አያትየዋ ሻይ ሲቀርብላት በግልፅ «መርሲ» ትላለች፣ በፈረንሳይኛ አመሰግናለሁ ማለት ነው። አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። እሱም ማስታወሻ ጻፈ፦ «አያት፦ ፈረንሳይኛ የተማረች፣ የድሮ ሀብታም ቤተሰብ፣ ትንሽ ኩራት አላት።» በቃ በዚህ ማስታወሻ ድምፅ ተመረጠላት። ድሮ ሊሴ፣ የፈረንሳዩ ትምህርት ቤት፣ ተምራ፣ ውጭ ኖራ፣ አሁን ቦሌ አካባቢ ሰፊ ግቢ ውስጥ የምትኖር ትልቅ ሴትዮ አስቡ፣ ልክ እንደሷ ተደርጋ ተቀዳች። «መርሲ» የሚለውን ቃል ደግሞ ሳንተረጉም ተውነው፣ ተዋናይቷም «ር»ዋን ከጉሮሮ እያወጣች አሳምራ አለችው።

ሶስት ትዕይንት ከቀዳን በኋላ ነው ነገሩ የተያዘው። አራተኛው ላይ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰውዬ አለ፣ ሻይ ሲሰጡት እሱም «መርሲ» አለ። ኤዲተሩ ማሽኑን አቁሞ ዞር አለና «እሱስ ፓሪስ ነው የተማረው?» አለ። ወደኋላ ተመልሰን ስንሰማ ባለሱቁም ይላል፣ ልጆቹም ስልክ ላይ ይላሉ፣ ቆጠርነው 23 ቦታ አለ። እኛ ግን አንዷን ሴትዮ ብቻ ለይተን ፈረንሳይ አድርገናታል። ከአንድ ቃል ተነስተን ሙሉ ሰው ነው የፈጠርነው፣ ፊልሙ ላይ የሌለች ሰው።

መጀመሪያ ያደረግነው፦ መጠየቅ

ኤዲተሩ የሚያውቃት ውጭ አገር የምትኖር ኢራናዊት ነበረች፣ ስልክ ደወልንላት። ሳቀች። ቴህራን ላይ መርሲ ሁሉም ሰው ነው የሚለው፣ የኔም አያት ማንበብ የማትችለዋ ትል ነበር አለች። ፈረንሳይኛ መሆኑን ታውቃለች ወይ ስንላት «እኛ ስንናገረው ፋርስኛ ነው» አለች፣ «ር»ዋም ጉሮሮ ላይ አይደለችም፣ እንደኛዋ «ር» ምላስ ላይ ነው የምትንከባለለው። «ኼይሊ መርሲ» ይላሉ፣ በጣም አመሰግናለሁ እንደማለት፣ «ናህ፣ መርሲ» ሲሉ ደግሞ አይ ይቅርብኝ ማለት ነው። ከበድ ያለ ምስጋና ሲፈለግ «ሞተሻከራም» አለ፣ «ሴፓስጎዛራም» አለ፣ እነሱ ግን ለቢሮ ለንግግር ናቸው፣ ሻይ ላቀበለህ ወንድምህ ካልካቸው ተጣልታችኋል ማለት ነው አለችን።

ሌላም ነገር ነገረችን፣ ለኛ ትልቁ ትርፍ እሱ ሆነ። ምግብ ለሰራ ሰው «ዳስተት ዳርድ ናኮኔ» ይባላል፣ እጅሽን አይመምሽ እንደማለት። እንግሊዝኛው ስክሪፕት ይሄንንም «ታንክስ» ብሎ ነው የጻፈው! እኛ ደግሞ «እጅሽ ይባረክ» የሚል ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ቃል አለን። «ቆርባነት» የሚሉት ደግሞ መስዋዕትህ ልሁን ነው፣ የኛ «ልሙትልህ» ማለት ነው በቃ። ምግብ ላይ አይ በቃኝ ሲል፣ ኧረ በፍፁም ስትል፣ እንደገና አይ ሲል፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ እነሱ «ታሮፍ» የሚሉት ነው፣ የኛ «በሞቴ» ያለበት ቤት ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከእንግሊዝኛው ይልቅ ፋርስኛው ለአማርኛ እንደሚቀርብ የገባን ያኔ ነው።

ሁለተኛው፦ ቃሉ እንዴት እዚያ ደረሰ

ይሄ ለስራው የግድ አልነበረም፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልወስድ ስላለኝ ነው ያነበብኩት።

ቃሉ ሲጀምር ላቲን ነው፣ «ሜርኬስ»፣ ትርጉሙ ደሞዝ፣ ዋጋ፣ የስራ ክፍያ። በቤተክርስቲያን አፍ ሲገባ እግዚአብሔር የሚሰጠው ዋጋ፣ ቀጥሎም ቸርነት ምህረት ሆነ፣ በ880ዎቹ ገደማ የተጻፈ የድሮ ፈረንሳይኛ የቅድስት ግጥም ላይ በምህረት ትርጉም ይገኛል። እንግሊዞች በመካከለኛው ዘመን ያቺን ምህረት የምትለዋን ወስደው «መርሲ» አሏት፣ እስከዛሬም ምህረት ናት። ፈረንሳዮቹ ጋ ግን ቀስ በቀስ ወደ ምስጋና ዞረች። ለኛ ይሄ ሩቅ ነገር አይደለም፣ «እግዜር ዋጋህን ይክፈልህ» ብሎ የሚያመሰግን ሰው ዋጋና ምስጋና እንዴት እንደሚገናኙ ያውቀዋል።

ኢራን ፈረንሳይ ቅኝ አልገዛቻትም፣ ይሄ ነው የሚገርመው። በ1851 ዳር ኤል ፎኑን የሚባል ዘመናዊ ትምህርት ቤት ቴህራን ላይ ተከፈተ፣ መጀመሪያ የመጡት አስተማሪዎች በብዛት ኦስትሪያውያን ነበሩ ግን ማስተማሪያው እየቆየ ፈረንሳይኛ ሆነ፣ ያኔ የዲፕሎማሲ ቋንቋ እሱ ነበራ። ናስር ኤል ዲን ሻህ በ1873 አውሮፓን ሊጎበኝ ሄደ፣ ሁለቴም ተመልሶ ሄዷል። በ1928 በወጣ ህግ ደግሞ መንግስት በየዓመቱ ተማሪ ወደ አውሮፓ መላክ ጀመረ፣ በርካቶቹ ፈረንሳይ ነው የገቡት። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ቃል ብዙ ነው፣ ዛሬም ኢራን ውስጥ ሊፍት «አሳንሶር» ነው፣ ሴቶች የሚለብሱት ከላይ ካፖርት መሰሉ «ማንቶ» ነው። በ1935 የቋንቋ አካዳሚ ተቋቁሞ የውጭ ቃላትን በፋርስኛ መተካት ጀመረ፣ ብዙ ቃል ተባረረ፣ መርሲ ግን አልነቃነቅም አለች፣ ከ1979ኙ አብዮት በኋላም አለች። እንግዲህ ማን ያስወጣት፣ የምትኖረው ሻይ ላይ ነው።

ሌሎቹንም አየሁ። ኢስታንቡል ላይ በ1868 የተከፈተው የጋላታሳራይ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ነበር የሚያስተምረው፣ በ1860 ፓሪስ የተመሰረተው አሊያንስ ኢዝራኤሊት ደግሞ በኦቶማን ከተሞች ለአይሁድ ልጆች በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ከፈተ። ቱርክኛ «መርሲ» አለው፣ ግን ከኢራን ይለያል፣ የከተማ፣ ትንሽ የዘናጭ ቃል ነው። ቡልጋሪያ ግን ገበያ ላይም መርሲ ነው። ሮማንያ ላይ ፓሪስ ተምረው የመጡ ወጣቶች በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን «ቦንዡሪስት» የሚል ቅፅል ወጥቶላቸው ነበር፣ ቦንዡር እያሉ ስለሚሄዱ፣ ሰው ስቆባቸው ሲያበቃ መርሲያቸውን ወሰደ። አርመኖችም ሲያወሩ መርሲ ይላሉ። ሉክሰምበርግና የስዊዝ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ጎረቤት ናቸው፣ እነሱ ላይ አይገርምም።

ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክንያት አጭርነት ነው፣ ቃሉ አጭር ስለሆነ ነው የሚል። እውነት አለው፣ ቡልጋሪያኛው «ብላጎዳርያ» አራት ክፍለ ቃል ነው፣ ፋርስኛው «ሞተሻከራም» አምስት፣ ቱርክኛው «ተሸኩር ኤዴሪም» ስድስት፣ አርመንኛውን «ሽኖርሃካሉትዩን» አፍህን ሳታሟሽ አትለውም። መርሲ ሁለት ናት። ግን ቤይሩት ላይ ይሄ ቲዎሪ ይፈርሳል፣ «ሹክራን»ም ሁለት ክፍለ ቃል ነው፣ እነሱ ግን «መርሲ ክቲር» ይላሉ፣ ፈረንሳይኛው ከአረብኛው ጋር ተጋብቶ። እዚያ ምክንያቱ ትምህርት ቤት ነው፣ የኢየሱሳውያኑ ዩኒቨርሲቲ ከ1875 ጀምሮ አለ፣ ከዚያ የፈረንሳይ ሞግዚት አስተዳደር መጣ። ሩሲያን ደግሞ እዩ፣ መኳንንቶቿ እርስ በርስ በፈረንሳይኛ ነበር የሚያወሩት ግን ሰፊው ህዝብ «ስፓሲባ»ውን አለቀቀም፣ እግዜር ያድንህ ከሚል የመጣ ቃል ነው፣ ከኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ጋር ወንድማማች።

እና እኛስ? «አመሰግናለሁ» ሲነገር አምስት ክፍለ ቃል ነው፣ አጭርነት ብቻ ቢሆን መርሲን በሩጫ መቀበል ነበረብን። ፈረንሳይኛም ነበር፣ በ1908 በተከፈተው ምኒልክ ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር፣ ባቡሩም ድሬዳዋ በ1902 አዲስ አበባ በ1917 ሲገባ የፈረንሳዮች ነበር፣ «ለገሃር» እኮ «ላ ጋር» ናት፣ ባቡር ጣቢያው ማለት። ከ1941 በኋላ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ባቡሩ ሰፈር ሰጠን፣ ምስጋና ግን አልሰጠንም። በኔ ግምት የቃሉን መንገድ የሚወስነው ልጆች ክፍል ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚሰደቡ ነው፣ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ «ታንኪው» የሚለው ሰው ብዛት ይመስክር። ከጣልያን ደግሞ «ቻው» ወስደናል። ቻው ሲጀመር በቬኒስ ሰዎች አነጋገር ባሪያህ ነኝ ማለት ነበር፣ ስልክ ሲዘጋ ቻው የሚል ሰው ግን ጣልያንም ባርነትም ትዝ አይለውም።

ይቺን ለቡድኑ ስነግራቸው ወጣቱ ተርጓሚ ዝም ብሎ ቆየና «ስለዚህ የሴትዮዋ መርሲ የኛ ቻው ነች» አለ። ከዚያ በኋላ ስራው ተከፈተልን።

የሞከርናቸው ሶስት መንገዶች

መጀመሪያ መርሲን እንዳለ መተው ነበር፣ ያው የተቀዳው። አምስት ሰው ቤት ጠርተን አሳየናቸው። አራቱ አያትየዋን «ጉረኛ» አሏት። አምስተኛዋ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሰርታ የመጣች ልጅ ናት፣ እሷ ደግሞ ግራ የገባት በሌላ ነው፣ «አረብ ናቸው እንዴ? መርሲ እኮ አረብኛ ነው» አለች። ማዳሟ ቀኑን ሙሉ ስትለው የሰማችው ቃል ነው፣ ፈረንሳይኛ ነው ስንላት አላመነችንም፣ ሊባኖሶችም እንደሷው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሁለተኛው ሁሉንም «አመሰግናለሁ» ማድረግ ነበር። አፍ አልገጠመም፣ ሰውየው ሁለቴ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ዝም ሲል ድምፁ ገና «ግናለው» ላይ ነው። ከሱ የባሰው ግን ስሜቱ ነው፣ አያት ለልጅ ልጇ ሻይ ስላቀበላት «አመሰግናለሁ» ስትል ስብሰባ የምትመራ ነው የሚመስለው። እኛ ቤት ውስጥ እንደዚህ አንልም፣ እንመርቃለን።

ሶስተኛው «ታንኪው» ነበር፣ ተርጓሚው ነው ያመጣው፣ ከውጭ የመጣ አጭር ቃል በከውጭ የመጣ አጭር ቃል ይተካ ብሎ። ሀሳቡ ሲሰማ ያምራል። ለልጆቹ ሰራ፣ አያትየዋ አፍ ላይ ግን ሳቅ ሆነ፣ እንደገና ያልሆነች ሴት አደረጋት።

የሰራው

23ቱን ቦታ በወረቀት አውጥተን ከእያንዳንዱ ፊት ማን ለማን እንደሚለው ጻፍን። ከዚያ አያት ለልጅ ልጅ «ተባረክ» ሆነ፣ አፍም ገጠመ። ባለሱቁ ሂሳብ ሲቀበል «እናመሰግናለን»፣ ትንሽ ረጅም ነው ግን ካሜራው ጀርባውን ነው የሚያሳየው። ቧንቧ ሰራተኛው «ይስጥልኝ»። እንግዳዋ ለምራቲቱ፣ ያ እጅሽን አይመምሽ የሚለው፣ «እጅሽ ይባረክ»። «ናህ፣ መርሲ»ው «በቃኝ»። ባልና ሚስት ሻይ ሲቀባበሉ የሚሉት ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ «እሺ» ብቻ አደረግነው፣ ምክንያቱም የኛ ሰው ሚስቱ ሻይ ስታቀብለው ሌላ ምን ይላል፣ ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሌላ ጉዳይ ነው። ልጅቷ ለጓደኞቿ ስልክ ላይ «ታንኪው»።

የአያትየዋ ሶስት ትዕይንት በሌላ ድምፅ እንደገና ተቀዳ፣ የመጀመሪያዋ ተዋናይት ተከፈላት፣ ሁለተኛዋም ተከፈላት፣ ሁለት ቀንም ሄደ። የማስታወሻዋ ዋጋ መሆኑ ነው።

አምስቱን ሰዎች መልሰን ጠራን። አያትየዋን አራቱ «የኛ ሰፈር እማማን ትመስላለች» አሉ። የቤይሩቷ ልጅ ግን «መርሲዋ ይሻል ነበር» ብላ ሄደች።

ያልሰራውና ግማሽ የሰራው

አንድ ቦታ አለ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ልጅቷ መርሲ ስትለው «መርሲ አይባልም፣ ሴፓስ በይ» ብሎ የሚያርማት፣ ሴፓስ የፋርስኛው ምስጋና ነው። እዚህ ላይ የቃሉ ውጭነት ራሱ ነው ቀልዱ። «ታንኪው አይባልም፣ አመሰግናለሁ ነው የሚባለው» አደረግነው፣ ማንኛውም አበሻ አስተማሪ የሚለው ነው። ግን ቀልዱ አልመጣም። ኦሪጅናሉ ላይ ሰው ሁሉ ፊልሙን ሙሉ መርሲ ሲል ስለነበር ሽማግሌው ከመላው አገር ጋር ነው የሚጣላው፣ ደሞ መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ አምልጦት መርሲ ይላል። የኛው ላይ በስድስት አይነት ምስጋና ስለበታተንነው የሚጣላው ከልጅቷ ጋር ብቻ ሆነ። የልጅቷን አራት መስመር ጨምረን ታንኪው አደረግን፣ የወንድሟንም ሁለት፣ የሽማግሌውንም የመጨረሻዋን። ተመልካች ፈገግ አለ፣ አልሳቀም። ከዚህ በላይ አልቻልንም።

ለሌላ ስራ የሚያገለግለው

ቃሉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለኔ ደስ ይላል ግን ለተርጓሚ የሚጠቅመው ማን ለማን ይለዋል የሚለው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እንደኛ ሰው ትፈጥራለህ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ቃሉን ሁለተኛ ሰው ሲለው እስክትሰማ ስለመጀመሪያው ሰው ባህሪ ምንም አትጻፍ። እንግሊዝኛ መሀል ላይ ካለ የሰላምታና የምስጋና ቃላት ሁሉ ተጨፍልቀው ነው የሚደርሱህ፣ ስለዚህ እነሱን ብቻ ለይቶ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ የግማሽ ሰዓት ስልክ ነው፣ እኛ ሁለት ቀን ነው የከፈልንበት። የመስመሮቹን ዝርዝር ደግሞ ቀረፃ ሳይጀመር አውጡ፣ አንድን ቃል በስድስት ከመበተናችሁ በፊት ፊልሙ ውስጥ በዚያ ቃል የሚቀልድ ሰው አለመኖሩን መጨረሻው ድረስ አይታችሁ።

አሁን የያዝነው የቱርክ ተከታታይ ድራማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ መርሲ ስድስት ጊዜ አለ፣ ዝርዝሩን ስናወጣ ስድስቱም የአንዲት የፋብሪካ ባለቤት ሚስት ናቸው፣ ሹፌሯም ሰራተኛዋም ሌላ ነው የሚሉት። አንዲት ቱርክኛ የምታውቅ ልጅ ጠየቅን፣ አዎ እንዲህ አይነት ሴትዮ ናት አለች። ተርጓሚው «መርሲ» ብሎ ተወው፣ ለድምፅ ደግሞ ያቺን የመጀመሪያዋን ተዋናይት ጠራናት።